የተረፈችው ምልክት

ራፓ ኑይ ደሴት፣ ከባሕሩ ዳር

ውድ አስካለ፣

ትናንት ዓሣ አጥማጁ ታዴኦ የወሩን ሌሊቶች ስም እናቱ እንዳስተማረችው ሲያዜም፣ እኔ በማጠናው የደሴቱ ጥንታዊ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተቀረጹትን ጨረቃዎች በጣቴ ተከተልኩ። እስከ ዛሬ ማንም ያላነበበው ጽሑፍ ከድምፁ ጋር እኩል ሄደልኝ። ስሞቹ ሲያልቁ ግን አንድ ምልክት ተረፈ። ዘጠኝ ዓመት የደከምኩበት ንባብ ፈረሰ ብዬ ደነገጥኩ።

«ቀራጩ ተሳስቷል» አልኩት።

«አይ መምህርት! ጨረቃንም ልትቀጪያት ነው? ስትዘገይ አንድ ሌሊት እንጨምርላታለን። እሷ ሳትታይ ስኳር ድንችም አንተክልም» ብሎ ሳቀብኝ።

የእኛ ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስትሆን ማን ስህተት ይላታል? አፈርኩ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠበበኝ፤ ባለቤትሽንና እትዬ ብርቄን ሳሚልኝ። ዛሬ ፀሐይ ጠልቃ እኔም ታዴኦም የመንደሩ ሰዎችም ወደ ምዕራብ እያየን ነው፤ ስም ያላቸው ሌሊቶች አልቀዋል፤ አዲሷ ጨረቃ ግን ገና አልታየችም።

ዘነበች