ለኬላዋ የተላከ አደራ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ፣ እታለም።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የደሴ ብርድ ዘንድሮ ጠንቷል ይላሉ፤ ፒያሳ ሱቅሽ በር ላይ ተቀምጠሽ አላፊ አግዳሚውን ስታሚ እንዳይመታሽ ደረብ አድርጊ። ባለቤትሽ ደህና ነው? ገበያውስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰሚ ትዘጊዋለሽ፤ ስለዚህ ይኸው በሀዚም ሚኒባስ ደብዳቤ ላኩልሽ። አደራሽን ያደረሰልኝ እሱ ነውና መልሱንም እሱው ያድርስ።

አይ እታለም! ስንት ዘመን ለጎረቤት «እህቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራ» ስትይ ኖርሽ። ለዒድ ስመጣ ፊቴ ያበጠ እንደሆነ እንግዳ እንዳያየኝ ጓዳ አስቀምጠሽ ታበይኛለሽ። ቦክሰኛ እህት አንገት ታስደፋለቻ! ታዲያ አሁን ምን ተገኘ? ሀዚም ፊቴ ቆሞ ቃልሽን ነገረኝ። ልጅሽ ኡመይማ እኔ ዘንድ ልትፈተን እንደምትመጣ፣ የነጋዴው ልጅ ባሽር ሽማግሌ እንደላከ፣ እሷ ግን «እምቢ፣ ቦክስ ነው የምፈልግ» እንዳለች። ከዚያ አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «እህቴ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዳግም ጓንት እንዳያምራት አድርገሽ ምቺልኝ ብላለች» አለኝ። እህቴ! ለካ እህትሽ ነኝ።

ሥራዬን ሳታውቂ ስላዘዝሽኝ ልንገርሽ። እዚህ «ኬላዋ» ነው የሚሉኝ። የአዲስ አበባ ክለቦች ከዚህ አገር ሴት ቦክሰኛ ሲፈልጉ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ሦስት ዙር ያጋጥሟታል። እኔን የቻለች ትሄዳለች፤ ያልቻለች እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለችውን ሐርቡንም አታልፍ። ዋንጫ የለኝም፣ ሻምፒዮን ሆኜም አላውቅ፤ ግን የማትረባ ልጅ አሸንፋኝ አታውቅም። የሚመጡትን ብታዪ በሳቅ ትፈርሻለሽ። ባለፈው ትንሳኤ የምትባል አንዷ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጓደኛዋን በስልክ ቅረጪኝ ብላ ገባች። አንድ ባቀምሳት «አፍንጫዬ ተጣመመ ወይ?» ብላ መስታወት ጠየቀች። አሰልጣኝ ተብዬው እንድርያስም ያው ነው፤ በዕድሜው አንዲት ቡጢ ሳትነካው ከገመዱ ውጭ ቆሞ «ግቢ! ግቢ!» ይለኛል። አንተ አትገባም?

ልጅሽ መጣች። ረዘም ብላለች፣ አባቷን መስላለች። ሪንጉ ውስጥ ገብታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብላ ጓንቴን ሳመች! አዳራሹ በሳቅ ሞተ። ያሳደግሽያት እንደዚያ ነዋ፤ ታላቅ ሲያዩ እጅ መሳም። ደወሉ ተደወለ። ልትመታኝ ስትል «አፉ ይበሉኝ አክስቴ» ትላለች። ከዚያ ትመታለች። ሁለተኛም እንደዚያው፣ «አፉ ይበሉኝ»። በሞቴ፣ ቡጢዋን አስቀድማ በአፏ እየላከችልኝ እንዴት ትንካኝ? ቃሉ ሲወጣ ዞር እላለሁ፣ አናቷን እላታለሁ። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ቃሏን ግን አልተወችም። ሁለተኛውም ዙር በዚሁ አለቀ፤ እንድርያስም የፈተናዋን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እታለም፣ አንዲት ቡጢ ብጨምርላት አደራሽ ሞልቶ ነበር። ልጅሽ ደሴ ትመለስ ነበር፣ ባሽርም ያገባት ነበር። ግን አንጀቴ አረረ። በእሷ አይደለም፣ ባንቺ። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርሽበትን እጄን፣ ለራስሽ ጉዳይ ሲሆን ጊዜ ተዋሽኝ! እኔ ሰው የምመታው ሊያልፍ ስለመጣ ነው እንጂ ቤቱ እንዲቀመጥ ተብዬ አይደለም። እሷ ወዳለችበት ጥግ ሄድኩና ሳልቀባባ ነገርኳት። «እናትሽ ናት ምቺያት ብላ የላከችብኝ። አፉ ይበሉኝ የምትይው ያንን አደራ የተቀበለችውን ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ውሸት ነው» አለች። ሀዚም በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደሱ ዞረች። እሱም አንገቱን ደፋ።

በሦስተኛው ዙር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ቃሉን ስጠብቅ ግራ አይኔን አለችኝ። ከየት እንደመጣ እንኳ አላየሁም። ከዚያ ቀኙን። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ እጅ በዕድሜዬ አርፎብኝ አያውቅም። ተነሳሁ፣ ደግማ ጣለችኝ። እንድርያስ «በቃ! በቃ!» እያለ ይጮሃል፤ አሁን ገና መግባቱ ነው! መሬት ላይ ተዘርሬ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ደስታ። አሳልፌ አሳልፌ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ ያሳለፍኩት ሰው የለም።

ሰኞ አዲስ አበባ ትገባለች። ለባሽር ሽማግሌዎች የምትይውን አንቺ ፈልጊ፤ ሰበብ መፍጠር ድሮም ታውቂበታለሽ። እኔ እንግዲህ ጓንቴን ሰቅያለሁ። ሐኪሙ ቀኝ አይኔ እብጠቱ ሲጎድል ይከፈታል ብሏል፤ ስለ ግራው ግን እንጃ አለ። አሁን ሁለቱም ድፍን ናቸው፣ ማንኪያ ወደ አፌ የምታደርስልኝ ሌላ ሰው ናት። ይህን ሁሉ እኔ ስናገር ስትጽፍ የዋለችውም እሷው ናት። አንድ ቃል እንዳትቀንሺ ብዬ አስምያታለሁ። ያንቺን አደራ ሳስጽፋት እንኳ ቃል በቃል ጻፈችው። ጽሕፈቱ አያስቸግርሽም እታለም፤ እጇን ይዘሽ ፊደል ያስቆጠርሻት አንቺው ነሽ።

አላህ ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያሽርልሽ፣ ሪዝቅ ሲሳይሽን ያስፋው፣ ልብሽንም ያለዝበው። አሚን።

ለእናትሽ ያንቺንም ሰላምታ ጨምሪበት ብላት «ሌላስ?» አለችኝ።

ታናሽ እህትሽ