ፊት ለፊት የሚተያዩ ቢራቢሮዎች

ለልጄ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺና ባልሽ፣ ያቺም ፌንጣ ልጅሽ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆሙን ወገብሽ ቻለው? የልጅቷ የፊት ጥርስ በቀለ ወይስ አሁንም እያፏጨች ነው የምታወራው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤ በሰላምታ ይከፈታል፤ ቀጥሎ ጸሐፊው ደኅንነቱን ያስታውቃል፤ ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ እንዲህ ተምረናል፤ አንቺንም እንዲህ አስተምሬሻለሁ።

ፊደሎቼ መስመር እየለቀቁ እንደ ሰካራም ሲንገዳገዱ ታያለሽ። ማን ጻፈላት እንዳትዪ፣ ራሴ ነኝ። በቀን አንድ ገጽ እየጻፍሁ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ብታመጪልኝ ቀድጄ እንደገና አስጽፍሽ ነበር።

በየወሩ መጀመሪያ ትደውያለሽ። ደኅና ነሽ ወይ ትያለሽ፣ ደኅና ነኝ እላለሁ፣ አንቺስ እላለሁ፣ ከዚያ አንዳችን ሥራ አለብኝ እንልና ስልኩ ይዘጋል። ባለፈው አነጋገሬ ከብዶሽ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አዎ አልሁሽ። በስልክ ዋናው ነገር ከአፌ አይወጣም። እኔ ሐሳቤን አስተካክዬ እስክጀምር አንቺ ቻው ብለሻል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

አምና ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷን ለአምስት ቀን ላክሽልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ወንበር ላይ ስትወጣ ስትወርድ ዋለች። በሦስተኛው ቀን የልጆች ፀጉር ላይ የሚሰካውን የሪባን ቢራቢሮ ወደማስርበት፣ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ መጥታ፣ እኔም ቢራቢሮ ልሥራ አለች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየኋትም። ሪባኑን በስንዝር ለክታ እንድትቆርጥ፣ ጫፉ እንዳይተረተር በሻማው እሳት ጠርዝ ላይ ቶሎ እንድታሳልፍ፣ የሳቲኑን ፊት ከጀርባው እንድትለይ አሳየኋት። አንዱን ክንፍ ሠርተሽ ትይዣለሽ፣ ሌላውን በላዩ አሳልፈሽ በውስጥ ታወጪያለሽ፣ ከዚያ ሁለቱንም እኩል ትስቢያለሽ አልኋት። አንቺን ባስተማርሁበት ቃል ነው ያስተማርኋት፤ አንድም አልጨመርሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ሠራችው። ነገር ግን በግራ እጇ ነበር። የእኔ ቢራቢሮ ላይኛው ክንፉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የእሷ ወደ ግራ አዘነበለ። ፈትቼ ሰጠኋት። ደግማ ሠራችው፤ አሁንም ወደ ግራ። አራት ጊዜ ፈታሁባት። በአራተኛው ቀና ብላ አየችኝና፣

«አያቴ፣ ቢራቢሮው ምን አጠፋ?» አለችኝ።

ቢራቢሮው ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋችው እጅሽ ናት አልኋት። ከዚያ ሰማያዊውን ሪባን አንሥቼ የግራ እጇን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አሰርሁት። አላጠበቅሁትም። የእጅ አንጓዋ ላይ በቢራቢሮ ነው ያሰርሁት፤ ጫፉን በሌላው እጇ ብትስበው በአንድ ጊዜ ይፈታ ነበር። አልሳበችውም። እንደታሰረች፣ ምላሷን በወላቃ ጥርሷ ቀዳዳ አውጥታ በቀኟ መታገል ጀመረች።

አንቺ ከቀጠሮሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ የመጣሽው ያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ስትቆሚ በልቤ ያልሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሳያስታውቅ ይመጣል እንዴ የሚል ብቻ ነበር። አልጮኽሽም፤ ብትጮኺ እመልስልሽ ነበር።

«እማዬ፣ እኔን አሰርሽኝ፣ ዝም አልሁ። እሷን ግን አታስሪያትም» አልሽኝ።

ጫፉን ስበሽ ፈታሽው። ልብሷን ሳታጣጥፊ ሻንጣው ውስጥ ከተትሽ፤ የአንድ እግሯ ካልሲ እዚህ ቀርቷል፣ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። እኔም ከኋላችሁ በደረጃው ላይ፣ ነገ መምህሯ ሲቆጣት ታመሰግኚኛለሽ ብዬ ተናገርሁ። የሰማሽኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ላኪልኝ ብዬሽ አላውቅም፤ አንቺም ልላካት ብለሽኝ አታውቂም።

በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። ጥግ ላይ የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ባለ ሱቅ ትዝ ትልሻለች? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢራቢሮዎቼን የምትወስደው እሷ ናት። አንድ ቀን ሣጥኑን ስከፍትላት ሁለቱን አንሥታ በአንዲት አሻንጉሊት ሁለት ሹሩባ ላይ ሰካቻቸው። እይዋቸው እስቲ አለችኝ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዩት፣ ሰልፍ የያዙ ሰዎች ይመስላሉ፤ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ሆነው ፊት ለፊት ቢተያዩ እንዴት ባማረባቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም አልኋት።

ሳቀችና፣ «ደስ ብሎን መሰለዎት እንዴ፣ እማማ? ፈርተንዎት ነው እንጂ» አለችኝ።

ለካ በሠፈሩ ስሜ እትዬ ማስመሪያ ኖሯል። ታውቂ ነበር? ታውቂ ነበር መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ሞከርሁ። በቀኝ እጄ ወደ ግራ የሚያዘነብል ቢራቢሮ አልወጣ አለኝ። ልገልብጠው ስል የሳቲኑ ደብዛዛ ጀርባ ወደ ፊት ይወጣል፤ ቋጠሮውን ላዙረው ስል ጅራቶቹ ይጣመማሉ። አንድ ቀን ሙሉ ሪባን ስፈጅ ዋልሁ። አሮጌ ብጥስጣሽ እንኳ ቢገኝ ብዬ የልብስ ሣጥንሽን ታች ስፈትሽ፣ ከደብተሮችሽ ሥር የጫማ ካርቶን አገኘሁ። አሥራ አንድ ቢራቢሮ ነበረበት፤ ከጣልሁት ቁርጥራጭ የተሠራ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ባለ ነጠብጣብ፣ አንዱ ከአባትሽ ከረባት ገበር። ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ።

የቢራቢሮ እውነቱ ጀርባው ላይ ነው፤ ይህን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ እየገለበጥሁ አየኋቸው። ስሕተት እየፈለግሁ ነበር፤ አልዋሽሽም፣ ላገኝ ፈልጌ ነበር። የላላ ክር የለም። የሾለከ ጫፍ የለም። እነዚህን ስትሠሪ አሥር ዓመት ቢሆንሽ ነው። ቀዩን ከእኔ ቀይ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። እንደ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ተያዩ። በሕይወቴ ጥንድ የሚባል ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንዱን ሁለት ጊዜ ነበር የምሠራው።

አሁን ከአምስት ቀን ጀምሮ እየሸሸሁት ወደቆየሁት ልምጣ። እኔም ግራኝ ነበርሁ።

አባትሽ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው። በሰባት ዓመቴ ትምህርት ቤት ስገባ እርሳሱን በግራዬ ያዝሁ። የስፌት መምህራችን ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሽቶ የማትቀባ ሴት ነበረች፤ ሰማያዊ ማስመሪያ ነበራት። አልመታችኝም። ሌሎቹ መምህራን ይመቱ ነበርና እንደ እናት ነው ያየኋት። ከስፌት ሣጥኗ ሪባን አውጥታ እጄን ከወንበሩ ጋር አሰረችው፣ በቢራቢሮ። ጫፉን ብስበው ይፈታ እንደነበር አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ታስሬ አንድም ቀን አልሳብሁትም። በሦስተኛው ዓመት በስፌት አንደኛ ወጣሁ፤ ሽልማቴን በቀኝ እጄ ተቀበልሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በኋላ ግራ እጄን ረሳኋት፤ እውነቴን ነው፣ የሌላ ሰው እጅ ሆነችብኝ።

አንቺ ማንኪያሽን በግራሽ ስትይዢ ደነገጥሁ። ሰው ሳያይብሽ በፊት ላድንሽ አሰብሁ። ያ መምህርት ለእኔ ደግ እንደነበረችው ደግ የሆንሁልሽ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው እንድትፈርጂልኝ አይደለም። አንቺም ጫፉን አልሳብሽውም ነበር፣ እሱን ለማለት ነው። ሦስታችንም አልሳብነውም። ከሦስታችን አንዷ ለሌላዋ እስክትስብላት ስልሳ አምስት ዓመት ፈጀ፤ የሳብሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ግን በደረጃው ላይ ክፉ ቃል ተናገርሁሽ።

ስለ ጎረቤታችን ስለ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ላጫውትሽ፤ አምርሬ ብቻ አልጨርስ። አሁን በየጠዋቱ ትመጣለች። የሹራቤን ቁልፍ ትቆልፍልኛለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ታማልኛለች፤ ሐሜቷን ስትጨርስ ብቻ ነው የምትሄደው። ባለፈው በወረቀት ጠቅልላ መቀስ አመጣችልኝ። ስለቱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ለግራ እጅ የተሠራ። እንዲህ ያለ መቀስ በዓለም ላይ መኖሩን በሰባ ሦስት ዓመቴ ሰማሁ። ጫፉ ዱልዱም የሆነ ትንሽዬ ለልጅ የሚሆን አለ ወይ ብዬ ሌላ አስመጣኋት። ትንሹን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፣ የፌንጣ ነው። ትልቁ እኔ ጋ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ገና ያኔ፣ ቀኝ እጄ የከዳኝ ዕለት፣ ልትደውልልሽ ፈልጋ ነበር። ስልኳን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁባት። ልጄ ፈርታ እንድትመጣ አልፈልግም፣ ራሴ እጽፍላታለሁ አልኋት።

«በየትኛው እጅዎ ነው የሚጽፉላት፣ እትዬ?» አለችኝ።

ባለኝ እጅ አልኋት። ያን ቀን ሐሜቷን ሳትጀምር ሻይ ልታፈላ ገባች።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ቀይ ቢራቢሮ አለ። ወደ ቀኝ ያዘነበለው የአምና ሥራዬ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ የተረፈው የመጨረሻው እሱ ነው። ወደ ግራ ያዘነበለው የዚህ ሳምንት ነው። ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ ሪባኑን በክርኔ ተጭኜ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ። ጀርባውን ገልብጠሽ እዪው። የላላ ክር ካለ ደብቀሽ አትለፊኝ፣ ንገሪኝ።

ባለ ሱቋ ጥንድ ጥንዱን ትፈልጋለች። የግራው ከእንግዲህ አይቸግረኝም፤ ፌንጣም ብትመጣ የምትሠራው የግራውን ነው፣ ማንም አይፈታባትም። የጎደለኝ የቀኙ ነው። ከዚህ ቤት ሰው በቀኝ እጁ ቢራቢሮ የሚያስር አንቺ ብቻ ቀርተሻል። እንዴት እንደተማርሽው አውቃለሁና ሥሪልኝ ብዬ አላዝሽም። ብትፈልጊ በግራሽ ትሠሪያለሽ፣ ባትፈልጊ ደግሞ ተቀምጠሽ ታዪናለሽ። በሚቀጥለው ወር ትምህርት ሲዘጋ ግን ልጅቷን ብቻዋን አትላኪልኝ። አብረሻት ነይ።

መጀመሪያ ላይ ደኅና ነኝ ብዬ የጻፍሁትን አሁን ተመልሼ አነበብሁት። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ለሰው አይላክም ተብለን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ አልሰረዝሁትም፣ እንዳለ ይቆይ። ስትመጪ አንቺ ትሰርዢዋለሽ ወይም ትተይዋለሽ።

መንገዳችሁ የቀና ይሁን። የያዛችሁት አይውደቅባችሁ፣ የጀመራችሁት ይለቅላችሁ። ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪው። የልጅቷን እጆች ሳሚልኝ፣ ግራዋን አስቀድሚ።

እናትሽ

ሁለቱን ቢራቢሮዎች አንድ ላይ ያሰርሁበት ያ ሰማያዊ ሪባን ነው። መቀስ አትፈልጊለት። ጫፉን ሳቢው፣ ይፈታል።