ቅጠል የሌለው ትምባሆ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይድረስ ጅዳ ለሚገኘው ለውድ ወንድሜ ለአብዱልባሲጥ በሺር።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ የተጎዳው ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይወጋሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? አብረውህ የሚኖሩት የሐርቡ ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ሶላትህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። አባም አሉ። ዘንድሮ በልጉ ዘግይቶብን ነበር፤ ሰሞኑን ግን ዝናቡ ወርዶ ቦርከና ደፍርሷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስደውል አታነሳም። ያነሳህ ዕለትም «የገዛ አባትሽን ሱቅ ያዘጋሽ!» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ስለዚህ አክስታችን ዘሀራ ለዑምራ ስትመጣ ይህን በእጅህ እንድትሰጥህ፣ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ። በእኔ ላይ ስልክ ትዘጋለህ፤ በእሷ ላይ ግን በር እንደማትዘጋ አውቃለሁ።

እንደምታውቀው የምሠራው በከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቁጥጥር ክፍል ነው። በዚህ ዓመት አዲስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፤ ስለ ትምባሆም ብዙ ነገር ደንግጓል። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ጽናት ደሴ ወጥተን ሁለት ቀን ሠለጠንን። ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ቀረ። ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው መሸጥ ቀረ። ሺሻም ተከለከለ። ከዚያ አሠልጣኙ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ሲጃራ አነሳልን። አንዱ መንግሥት ትምባሆ ነው ብሎ ይቆጣጠረዋል፣ ሌላው በመድኃኒት ሕግ ያስተዳድረዋል፣ ሌላው እንደ ተራ ሸቀጥ ይተወዋል፤ የእኛ አዋጅ ግን ለይቶ ጠቅሶ ከልክሎታል አለን። እውነቱን ልንገርህና ያን ስጽፍ እጄ እንጂ ልቤ አልነበረም። የአዲስ አበባ ሀብታም ጣጣ ነው፣ ኮምቦልቻ ምን ሊሠራ ይመጣል ብዬ አሰብኩ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከደረቅ ወደቡ በሚወጣው መንገድ ዳር ያሉትን ሱቆች እንድናይ ታዘዝን። የአባም ሱቅ ከእነሱ አንዱ ነው። ጽናት «እሳቸው ጋ እኔ ብቻዬን ልግባ፣ አንቺ ማዶውን ያዥ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አባ ሲጃራ መሸጥ ካቆሙ ስምንት ዓመት ስለሆናቸው ምን እፈራለሁ ብዬ አብሬ ገባሁ። እንደ ወትሮው «መርሐባ፣ መርሐባ» ብለው ተቀበሉን፤ የራሳቸውን ወንበር ለጽናት ለቀቁላት። እኔ መደርደሪያውን ቃኘሁ። ከብስኩቱ ጎን የማንጎና የናና ሥዕል ያለባቸው የሚያማምሩ ትንንሽ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ሽቶ መሰሉኝ። አንዱን አንሥቼ ብከፍተው ሥልጠናው ላይ በሥዕል ያሳዩን የኤሌክትሪክ ሲጃራ ሆኖ አገኘሁት።

ወንድም ጋሼ፣ ካርቶኑን ይዤ ወደ አባ ዞርኩ። አባ ግን አልደነገጡም። «አብዱልባሲጥ ነው የላከልኝ። ትምባሆ የለበትም፣ እንፋሎት ነው ብሎኛል። ሾፌሮቹ ይወዱታል» አሉ። ጽናት ወደ እኔ አየች። እኔ ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት። እሷ ቀስ ብላ «አባባ፣ ይሄ እኮ በአዋጁ ተከልክሏል» አለቻቸው። «የት ላይ? እስቲ አንብቢልኝ» አሏት።

ጽናት ቅጂውን ከቦርሳዋ አውጥታ መጀመሪያ ትርጓሜው ላይ ያለውን አነበበች። ቃል በቃል አልይዘውም፤ ነገሩ ግን የትምባሆ ምርት ማለት ከትምባሆ ቅጠል በሙሉ ወይም በከፊል ተሠርቶ የሚጨስ፣ የሚታኘክ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ነው የሚል ነው። አባ ፊታቸው በራ። «ይኸው! ይሄ ምን ቅጠል አለው? ክፈቺና አሳዪኝ» አሉ። ጽናት ገጹን ገልጣ ሌላውን አንቀጽ አነበበችላቸው፤ እዚያ ላይ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያው ተለይቶ ተጠቅሷል፣ ማስገባትም መሸጥም አይቻልም ይላል። አባም እንዲህ አሉ፦ «እሺ፣ መንግሥት ከለከለ፤ ውሰዱት። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ትምባሆ ነው ወይስ አይደለም?»

ለምን እንደዚያ እንደጨነቃቸው አልገባንም። ዕቃውን ውሰዱ ያለ ሰው ስሙ ምን ያደርግለታል? እኔ ካርቶኑን አገላብጬ በጎኑ ያለውን ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ኒኮቲን አለበት፣ ሱስ ያስይዛል ይላል። «ኒኮቲን ከምን ይወጣል?» አሉ። «ከትምባሆ ቅጠል ነው አባባ» አለች ጽናት። አባ ወንበሩ ለእንግዳ መለቀቁን ረስተው ሊቀመጡ ወደ ኋላ አሉ፤ ደግፈን የስኳር ጆንያው ላይ አስቀመጥናቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደው አንድ የተከፈተ፣ የተጠቀሙበትን አወጡና «ይሄንንም ቁጠሩት፤ የእኔ ነው» አሉ።

ጽናት አለቀሰች። እሷ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ ግን አባ ለእሷም አባቷ ናቸው፣ ታውቀዋለህ። «ፋኢዛ፣ ዛሬ አላየንም እንበል። ነገ ራሳቸው ያምጡትና በገዛ ፈቃዳቸው እንዳስረከቡ ይቆጠርላቸው» አለችኝ በጆሮዬ። እምቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም፣ አላህ ያውቃል። እምቢ ያሉት አባ ናቸው። ሰምተዋት ኖሮ «አይሆንም ልጄ። አንድ ጊዜ ሰው ሸፍኖልኛል፤ እሱ ይበቃኛል። ጻፊው» አሏት። ቅጹን ጽናት ሞላችው፣ አባ ፈረሙ፣ እኔ እጄን አላስገባሁበትም። ዕቃው ተወሰደ፣ ለሱቁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። ይኸው ነው የሆነው። ሱቁን ያሸገ መንግሥት የለም። ስንወጣ በሩን ከኋላችን የዘጉት አባ ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጠሩኝና እስከዛሬ ለማናችንም ያልነገሩንን ነገሩኝ። አንተ እናታችን ስትሞት አጠገቧ አልነበርክም፤ እኔም ፈተና ላይ ስለነበርኩ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያስታመሟት አባ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ፣ ሳንባዋ የኖረበትን ጭስ ለማወቅ ብሎ «ከቤታችሁ ሲጃራ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። የአባ ፓኬት ከሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ ሲያጨሱ እሷ ደግሞ እዚያው ስታበስል፣ እዚያው ስትተኛ ኖራለች። አባ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እማ ቀደመቻቸው። ትንፋሽ አጥሯት እንኳ «ኧረ ማንም አያጨስም» አለች። ባሏ በሰው ፊት እንዳያፍር።

አባ ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸውን እያዩ ነበር። «ልጄ፣ እውነቱን ብናገር ትድን ነበር አልልሽም፤ ሐኪሙም እንደዚያ አላለኝም። ግን ውሸቱን ለእኔ ብላ ይዛው ሄደች» አሉኝ። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በር ወጥተው ፓኬቱን ረግጠው ማሉ፦ ወላሂ ከእንግዲህ ትምባሆ ከአፌም ከሱቄም አይገባም ብለው። ሲጃራ የተውትም፣ ሾፌሮቹ ሲለምኗቸው እንኳ አንድ ፍሬ ያልሸጡትም በዚህ ነው። እኛ ለጤናቸው የተዉት መስሎን ስናመሰግናቸው ኖረናል።

እንግዲህ ጋሼ፣ አንተ «ትምባሆ አይደለም» ስትላቸው ምን እንደሰጠሃቸው አሁን ይግባህ። አንተ ስለ ሸቀጥ ተናገርክ፤ እሳቸው የሰሙት የመሐላቸውን መፍቻ ነበር።

በሳምንቱ ሼኽ ዘይኑልአቢዲንን ለመጠየቅ አብረን ደሴ ወጣን። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ሼኹ በትዕግሥት አደመጧቸውና መሐላ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው፣ ሳታውቅ ከሆነ ምንም የለብህም አሏቸው። እኔ እፎይ አልኩ። አባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስቀበለው አላወቅኩም ነበር ያ ሼኽ። አንዱን ከፍቼ የሳብኩ ዕለት ግን ደረቴ አወቀው። የድሮው ነገር እንደ ዘመድ ሰላም አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስሙን እየጠራሁ ነው ራሴን ያታለልኩት፤ እንፋሎት፣ እንፋሎት እያልኩ» አሏቸው። ሼኹ እጃቸውን ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉላቸውና የፈረሰ መሐላ ማካካሻውን ነገሯቸው፤ አሥር ምስኪን ማብላት ነው።

አሥሩንም አበሉ። ከሱቃቸው በር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ራሳቸው እጅ እያስታጠቡ አበሏቸው። ከዚያ ሐርቡ ወርደን የእማን መቃብር ዘየርን። አባ ብቻቸውን እንድተዋቸው ነገሩኝና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

አሁን ሱቁ ተከፍቷል። ገበያው ግን ቀዝቅዟል፤ ሾፌሮቹ ዕቃውን ሲያጡ ሌላ ቦታ ይቆማሉ። አባ ሌሊት ያስላቸዋል፣ ቀን ይቆጣሉ፣ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው እንደ አዲስ መተው ይዘዋል። እኔም ጊዜው ቀላል አልሆነልኝም። በሰፈሩ አባቷን የከሰሰች ተብያለሁ። ሰላምታዬን በግማሽ የሚመልሱልኝ ሰዎች አሉ። አባ ይህን ሲሰሙ አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጡ እጄን ይዘው ሰው ሁሉ እያየ እስከ ቤት ድረስ ሄዱ። በልጅነቴም እንደዚያ ይዘውኝ አያውቁም።

ጋሼ፣ አንተ ከእኔ የተሻልክ ሰው መሆንህን አልክድም። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ያንተ ወገብ ነው። ለክፋት እንዳልላክኸው አውቃለሁ፤ ባለህበት ሰው በአደባባይ ሲስበው እያየህ ምን ክፉ ነገር አለው ብለህ ነው። ነገር ግን ለአባ የነገርካቸውን ሰምቻለሁ። ከዚሁ ዕቃ ሌላ ጭነት ከልብስ ጋር በኮንቴይነር ሊመጣ ነው፣ ወረቀቱም የስልክ ዕቃ ይላል፣ ተቀባዩ አባ ናቸው። እዚህ የሚከፍቱት የጉምሩክ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ወይም ጽናት አይደለንም። ሲከፈት የሚጠራው ደግሞ የአባ ስም ነው። ስለ አንድ ዕቃ ስም መቀየር ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ሕጉ ለምን ይህን ዕቃ ለይቶ እንደጠቀሰ ሥልጠናው ላይ አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ አባ ጆንያው ላይ የተቀመጡ ዕለት ነው። ዕቃው ገና ካልተጫነ አስቀረው። ከተጫነም እውነተኛ ስሙን ተናግረህ አስመልሰው። ኪሳራ አለው፣ አውቃለሁ፤ በእኔ በኩል ያለውን ሁሉ አግዝሃለሁ።

አክስት ዘሀራ በሶና በርበሬ ይዛልሃለች፤ እርጥበት እንዳይነካው። ጎረቤታችን እትዬ ይታይሽ «ልጄን ሳሚልኝ» ብላለች፤ እማ ከሞተች ወዲህ የአባን ምሳ አንድ ቀን ሳትጠይቅ አታልፍም። ጽናት ከነቤተሰቧ ሰላም ብላሃለች፤ ተቀይሞኝ ይሆን ብላ ትጨነቃለችና አንድ ቃል ላክባት። ሼኽ ዘይኑልአቢዲን በዱዓቸው አልረሱህም። የሐርቡ ዘመዶች ሁሉ፣ ትልቅ ትንሹ፣ እንዴት ነህ ብለውሃል። አብረውህ ላሉት ልጆች በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ረመዳንን አላህ በሰላም ያድርሰን።

አባ ደብዳቤውን ካነበብኩላቸው በኋላ እስክሪብቶውን ተቀብለውኛል። ከዚህ በታች ያለው የእጃቸው ጽሑፍ ነው፤ ቢንቀጠቀጥም ይነበባል።

ልጄ አብዱልባሲጥ፣ እህትህ የጻፈችው እውነት ነው፣ አልጨመረችም። አንተ ላይ ምንም ቅያሜ የለኝም። ያጨስኩት እኔ ነኝ። የእናትህን አሟሟት የደበቅኩህ እኔ ነኝ። ሰው አፍሮ ሲደብቅ ልጁ በጨለማ ይነግዳል። ዕቃው እዚያው ይቅር፤ አንተ ግን ና።

እህትህ ፋኢዛ በሺር
ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.