ዓይኔን የገፋው አፍንጫዬ

ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ከርሟል? ጉልበትሽ ከዳገቱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ይካሰሳሉ? ሰው ሁሉ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፋል። እኔ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽና ከአፍንጫዬ በቀር ደህና ነበርኩ። አሁን አፍንጫዬም ድኗል።

«በቪዲዮ ካላየኋት አላምንም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። የስልኬ ካሜራ ስለሞተ፣ በመተማ በኩል የሚገባ ሰው ሳገኝ በወረቀት መጣሁልሽ። መስመሬ ወደ ታች ከተንሸራተተ ጠረጴዛዋን ውቀሻት፤ አንድ እግሯ አጭር ነው። መምህር ውብሸትም ሲያነቡልሽ ድምፃቸውን ይቆጥቡ። አፍንጫዬ የገበያ ወሬ እንዲሆን አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሠሪዬ ሲት ሰውሰን ጦርነቱ ጋብ ሲል ከካይሮ ሲመለሱ፣ እዚህ ካፉሪ ሰፈር ያለው ቤታቸው ተዘግቶ ከርሞ ነበር። ያን ሁሉ አቧራና ሻጋታ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬ እንደ ጦር ጊዜ ሱቅ ተዘጋ። ሲት ሰውሰን ቀረድ የሚሉትን የግራር ፍሬ ፍም ላይ እያጨሱ ግራውን ያዙ፤ አንቺ የላክሽው ዳማከሴ ቀኙን ያዘ። ሁለት መንግሥት በአንድ አፍንጫ! ሁለቱም ሳይገዙ ቀሩ። በመጨረሻ ሽታ የሚባል ነገር ጨርሶ ተለየኝ።

ከሥራዬ እንዳልባረር ደበቅሁት። የወጡን ማረር በጢሱ፣ የወተቱን መበላሸት በልጃቸው በሸህድ ፊት አውቅ ነበር። እሷ ፊቷን ማጨማደድ ስትጀምር እኔ ቀድሜ «ኡፍፍ!» እላለሁ።

ቀጥሎ ግራ ዓይኔ አበጠ። አበጠ ብቻ አይደለም፣ መስኮት ላይ እንደተደገፈች ወሬኛ ወደ ውጭ ወጣ። ሲት ሰውሰን «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ሰው ቀንቶብሽ ነው፣ ዐይን ነው» ብለው አጠኑኝ። ዐማራት ሰፈር የሚሠሩት የአገሬ ልጆችም ቡዳ ነው ብለው ፈረዱ። ምኔ እንደሚያስቀና ግን የነገረኝ የለም። መጥረጊያዬ ይሆን? ዓይን ሲያብጥ ሁሉም ዓይንን ጠረጠረ። አጠገቡ የተቀመጠውን አፍንጫ የጠየቀው የለም።

አንድ ጠዋት ሻይ ልጥድ ክብሪት አነሳሁ። ሸህድ ከደረጃው «ላ! ላ! እንዳትጭሪ!» እያለች ወርዳ እጄን መታችው። የጋዙ ጎማ ተሰንጥቆ ሲተነፍስ አድሯል። እኔ መሃሉ ቆሜ ስኳር እለካለሁ! ሲት ሰውሰን ክብሪቱን ከወለል አንስተው አዩኝ። «አይሸትሽም እንዴ?» አሉ። ልብሴን ልሸክፍ ስነሳ የት ልትሄጂ ነው ብለው ጮኹብኝ። «ያላ፣ ሐኪም ቤት!»

ድልድዩን ተሻግረን ኡምዱርማን ሄድን። ጭንቅላትን እንደ ዳቦ ቆራርጦ በሚያሳይ ማሽን አነሱኝ። ዶክተር ሙጅታባ ሥዕሉን አሳዩኝ። ከአፍንጫና ከዓይን አጠገብ ሁላችንም አየር የሚያድርባቸው ባዶ ክፍሎች አሉን አሉ። የእኔዎቹ ተከራይ ገብቶባቸዋል፤ ሻጋታ። ዓይኔን የሚገፋው እሱ ነው፤ ከተተወ ወደ አንጎል ያልፋል። እናትዬ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ክፍል ሳጸዳ የራሴ ክፍሎች ሻግተው!

ይጠረጋ አልኩ። ሐኪሙ ግን ፊታቸው አልፈታም። የሰው ሁሉ ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም አሉ። የእኔ አንደኛው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ የግራ ዓይኔ ነርቭ በውስጡ ያልፋል፤ የሚከልለው አጥንት የለም፣ ራቁቱን ነው። ሻጋታው ደግሞ ተጣብቆበታል። ሲላቀቅ ነርቩ ቢጎዳ ዓይኑ ይጠፋል። አፈጣጠር ነው፣ ከእናትሽ ሆድ ይዘሽው የመጣሽው ነው አሉኝ። «እናቴን አይንኩብኝ» አልኳቸው።

ደግሞ የሴት ወሊይ፣ አባት ወይም ወንድም፣ ካልፈረመ ለቀዶ ጥገና አትገባም ተባለ። አባቴ አፈር ከለበሰ ቆየ፣ ወንድም አልወለድሽልኝ። ያመጣን፣ እናንተ ባጃጅ የምትሉት የረክሻ ነጂ ዛኪር፣ የደሴው ልጅ፣ በር ላይ ቆሞ ነበርና «ወንድሟ ነኝ» ብሎ ገባ። እሱ ረጅም ጠይም፣ እኔ አጭር ቀይ። ጸሐፊው አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ አባታችሁ አንድ ነው ወይ ቢለው፣ «አገራችን አንድ ነው» አለ። ሰውየው ሳቀና ወረቀቱን ሰጠው። እኔም ለቀልድ፣ ብትታወር እመራታለሁ ብለህ ፈርም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፈረመ።

ወደ ውስጥ ሲገፉኝ ሁለቱንም ዓይኖቼን ገልጬ የጣሪያውን መብራት አየሁ። ፋቲሃ ጀመርኩ፤ መጨረሴን አላውቅም።

ጥጡን ከአፍንጫዬ ሲያወጡልኝ መጀመሪያ የመጣው የሲት ሰውሰን ሰንደል ነው። ቀጥሎ የዛኪር ቤንዚን። ቤንዚን እንዲህ ደስ ይላል? አለቀስኩ። ሻጋታው ሙልጭ ብሎ ወጥቷል። ዓይኔም ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ያየው ሁሉ «ማሻአላህ፣ አማረ» ይላል። እውነት ነው፣ ለሚያየው ሰው ያምራል።

«ወንድሜ» ደግሞ (መምህር፣ እዚህ ላይ ዝቅ አድርገው ያንብቡ) ወንድምነቱን ልተው ይላል። ሽማግሌ ሊልክብሽ ነው። ረክሻ ነጂ ብለሽ ፊትሽን እንዳታጠቁሪ። መንገድ ስንሻገር ሁልጊዜ በግራዬ ነው የሚሄደው፤ መኪና ቀድሞ የሚመጣው ከግራ ነው። አንድ ቀን ረስቶ በቀኜ ሲሄድ ሚኒባስ ልብሴን ጠርጎት አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልረሳም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው። ኢንሻአላህ ስመጣ ከበሩ በስተቀኝ ቆመሽ ጠብቂኝ። ቶሎ እንዳይሽ።

አፍንጫዋ የዳነላት ልጅሽ