ተማሪ የማይወጣው ግንብ

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ ኤርሲሊያ፤ ቦነስ አይረስ እንዴት ይዛሻለች?

ነገር የተበላሸው የረጅሙን ግንብ የመጀመሪያ ደረጃ ስረግጥ ነው። ከጓደኛዬ ከኦርኔላ ጋር ሻንጣ አዝለን ቦሎኛን እንደ እንግዳ ስንዞር ውለን ነበር። እሷ ከኋላ ጎተተችኝ።

«አንቺ እብድ! ተማሪ ሳይመረቅ እዚህ ከወጣ አይመረቅም!»

«ግንቡ ከፕሮፌሰሬ አይብስም» አልኳት። ጥናቴን በስሙ ያሳተመው እሱ፣ ዝም በይ የሚለኝም እሱ ነው።

እየሳቀች ተከተለችኝ። ጫፉ ላይ የከተማዋን ቀይ ጣሪያዎች ቁልቁል እያየን ሞርታዴላ ሥጋ በዳቦ በላን፤ ደስ የሚል ቀን ነበር።

እማማ የምረቃዬን የቅጠል አክሊል ልታዝ ነው አሉ። ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃልና ትንሽ ትቆይ በያት።

ሰኞ ዲኑ ዘንድ እገባለሁ። ሥራዬን ተቀምቼ ዝም በይ መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ጤናሽን ያብዛልኝ፤
እልኸኛዋ የወንድምሽ ልጅ ሎሬዳና