በሳሙና ያልቀላው ቢጫ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ከትናንት ወዲህ ስምህ ሲነሳ እንኳ ደሜ ይፈላል። ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁትም በምላስህ እንዳታለዝበኝ ነው። አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስምንት ወር ሙሉ ለጨርቅ ቀለም የሚሆን እርድ ስፈጭ፣ ሳፈላ፣ በስስ ጨርቅ ሳጠል ከርሜያለሁ። መዳፌ ቢጫ ከመሆኑ የተነሳ የመድኃኒት ቤቷ ሴት «እህቴ፣ ጉበትሽን ታይተሻል?» ብላኛለች። ያ ጨርቅ ላይ አበባ የሚያትመው የኮምፒውተር ማተሚያህ ግን የእርዱ ደቃቅ ቀለም በሚረጭበት ቀዳዳ ውስጥ እየተሰነቀረ በየሁለት ሜትሩ ጨርቁን ያዥጎረጉረው ነበር። አንተ ማሽኑን ትሰድባለህ፣ እኔ እንደገና አጠላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት «ነይ እስኪ እዪ» አልከኝ። አስር ሜትር ጨርቅ ቢጫ አበባ በአበባ ሆኖ፣ አንድ እንከን ሳይኖረው ወጥቷል። ምን አድርገህ እንደሆነ ስጠይቅህ «ያንቺው ቀለም ነው፤ ሙቀቱን ብቻ አስተካከልኩት» አልክ። አቅፌህ አለቀስኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ያቺ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ልትገዛን የመጣችው ያን ሰሞን ነው። «የልጄ ቆዳ የፋብሪካ ቀለም አይችልም፤ የሕፃናት ልብስ መስፋት የጀመርኩትም በሷ ምክንያት ነው» ብላ እጄን ያዘች። ከተክል በቀር ምንም የለበትም ብዬ ፈረምኩላት። አንተ ዓይንህን በጨው አጥበህ አጠገቤ ቆመህ «አይዞሽ፣ ቢበላ እንኳ አይጎዳም» አልካት።

ትናንት ከዚያው ጨርቅ ተርፎኝ የሰፋሁትን የትራስ ልብስ አጠብኩ። እናታችን በእርድ ጨርቅ እየቀለመች ነው ያሳደገችን፤ እርድ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ ከማጠቢያ ገንዳው ሳንበልጥ እናውቃለን። ደንበኛ «ልብሴ ደም መሰለ» ብሎ ሲመጣ ሎሚ ባለበት ውሃ ነክራ ትመልስለት ነበር። ያንተን ቢጫ ግን በሳሙና ዘፈዘፍኩት፣ አሸሁት፣ ጭራሽ አልቀላም። ሌላው ቀለሙ አልለቀቀም ብሎ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን እርድ አለመሆኑ ገባኝ። ሥራ ቦታ ሄጄ ከመደርደሪያው ጀርባ የፋብሪካ ቀለም ባዶ ጠርሙሶች አገኘሁ። የኔ እርድ በጀሪካኑ እንዳለ ሻግቷል።

ስደውልልህ ምን አልክ? «ማን ያውቅብናል? ደግሞስ ፊርማው ያንቺ አይደል?»

ልክ ነህ፣ የኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ የልጅቷን ቀሚስ ገልባ ጀርባዋን አሳየችኝ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቆስሏል። ቀሚሱ የኛ ጨርቅ ነው። «እኔ ሞኟ» አለች፣ «ሳሙናው ነው ብዬ ሳሙና ስቀያይር ሰነበትኩ። ካንቺ ጨርቅ የሰፋሁትን ቀሚስ ነበር ይሻላታል ብዬ ማታ ማታ የማለብሳት።»

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ልጇን ይዛ ከኔ ጋር አንተ ዘንድ ትመጣለች። ጠርሙሶቹን ፍለጋ አትድከም፣ እኔ ጋ ናቸው። አንተ የምትላትን አስብበት፤ እኔ የኔን ፊቷ ቆሜ ነግሬያታለሁ።

እህትህ ነኝ፣ ምን ይደረግ።