አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ኪኒን

ይድረስ ለተከበሩ የሠፈራችን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአዳዲስ መጻሕፍት ግምገማና ማስተዋወቅ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም ደህና ነች። እናቴ ደህና የሆነችው ግን በእርስዎ ትጋት ሳይሆን እርስዎ ትጋት ስለጎደለዎት ነው፤ ነገሩን ኋላ እመለስበታለሁ። ደብዳቤውን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ ብልከው ሳይከፍቱት መልስ ይሰጡበታል ብዬ ስለሰጋሁ ብቻ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባሁ፣ ከውሻ ጋር እየተደራደርኩ፣ የቆጣሪ ክዳን እያነሳሁና ሸረሪት እየጠረግኩ ቁጥር አነባለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም በማንበብ የምንተዳደር ሰዎች ነንና እንደ ሥራ ባልደረባ ቢቆጥሩኝ ደስ ይለኛል። ልዩነታችን ትንሽ ነች፤ እኔ ክዳኑን ሳላነሳ ከጻፍኩ እባረራለሁ።

በሩ ላይ ቆሞ ይህን ለሚያነብ እንግዳ ደግሞ ሥርዓታችሁን ላስረዳ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚቀርበው ክቡር ኃላፊው ዘንድ ነው፤ እሳቸውም አስተያየታቸውን ሮዝ ካርድ ላይ ጽፈው ከፊት ሽፋኑ በስተ ውስጥ ያስለጥፋሉ። መጽሐፉን ለመዋስ የመጣ ሰው ካርዱን አንብቦ «ተረድቻለሁ» ብሎ ካልፈረመ መጽሐፉ ንቅንቅ አይልም። ማንበብ ለሚቸግረው የውሰት መስኮቷ ሠራተኛ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች፤ በወረፋው ያለ ሁሉ አብሮ ይረዳል። ይህ ሥርዓት ከተጀመረ አምስት ወሩ ነው። በእነዚህ አምስት ወራት ስላገኘነው ጥቅም ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግጥም መድበሉ። ካርድዎ «መስመሮቹ የወረቀቱ ጠርዝ ሳይደርሱ ስለሚቋረጡ ደራሲው ቶሎ የሚደክመው ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ወረቀትም ባክኗል» ይላል። ግጥም ነፍሱ የሆነው ፀጉር አስተካካያችን ይህን አንብቦና ፈርሞ ወደ ሱቁ ከተመለሰ በኋላ በንዴት የሦስት ደንበኞችን ፀጉር እስከ ጠርዙ ድረስ ሙልጭ አድርጎ ላጨ። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምግብ አሠራር መጽሐፉ። «ዋናው ገጸ ባሕርይ ሽንኩርቱ ገና በሁለተኛው ገጽ ስለሚከተፍ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ይላላል፤ ቢሆንም አንባቢን ያስለቅሳል» ብለዋል። አልዋሹም።

ሦስተኛ፤ ዳክዬ ከእንቁራሪት ጋር ስለምትጨዋወትበት የልጆች መጽሐፍ። «የዳክዬዋ ንግግር በማስረጃ አልተደገፈም» ተብሎ ተጽፎበታል። የእኅቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊርማ ስለሌላት ከካርዱ ሥር ዳክዬ ሣለች። ሠራተኛዋም ሥርዓት ሥርዓት ነውና ዳክዬዋን አገላብጣ አየቻትና ማኅተም መታችባት። አሁን በቤተሰባችን ውስጥ ሕጋዊ ማኅተም ያላት ብቸኛ ፍጡር ያቺ ዳክዬ ናት።

አራተኛ፤ ስለ ፍቅር ልብ ወለዱ። «በገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ይጋባሉ፤ እኔን ቢያማክሩኝ ኖሮ አይጋቡም ነበር።» ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ መጽሐፉን ሳትወስድ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የሙሽራ ቀሚስ ለማሰፋት የምትመጣውን ሁሉ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች «የኔ እኅት፣ በደንብ አስበሽበታል?» ትላታለች። እስካሁን ሁለት ሙሽሮች አስበውበት ቀርተዋል።

አምስተኛ፤ የራስን ስህተት ስለ ማረም የተጻፈውን መጽሐፍ «እኔን የሚመለከት ነገር አላገኘሁበትም» ብለው አልፈውታል። በዚህ ላይ ምንም አልልም፤ ሆድ ይፍጀው።

ስድስተኛውና የመጣሁበት ጉዳይ ስለ እናቴ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በተለይም ውኃው የእኔ መሥሪያ ቤት ነውና፣ ከሥሩ ልጀምር።

እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ዐይኗ ከደከመ ሰነባብቷል፤ ልቧ ደግሞ ጠዋትና ማታ ኪኒን ይፈልጋል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ኪኒኑን እምቢ አለች። «ለማን ብዬ ነው የምድነው? እሱ እንደሆነ የለ» ትላለች። ሙዝ ውስጥ ሸሽጌ ሰጠኋት፤ ሙዙን በልታ ኪኒኑን መዳፌ ላይ መለሰችልኝ። ወተት ውስጥ አሟሟሁት፤ ወተቱን ለድመቷ ሰጠችው። የድመታችን ልብ፣ ተመስገን፣ እንደ ብረት ነው። እኅቴ አለቀሰች፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተቆጣች፣ እናቴ ግን ወይ ፍንክች።

አንድ እሑድ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ የወንጀል ልብ ወለድ ለራሴ ሳነብ ድምፄ አምልጦኝ ኖሮ፣ ተኝታለች ያልኳት ሴትዮ ዐይኗን ሳትገልጥ «ቆይ እስቲ፣ መድኃኒት ሻጩን ማን ገደለው?» አለችኝ። እኔም ኪኒኗን በአንድ እጄ፣ መጽሐፉን በሌላው እጄ ይዤ፣ ይህችን ከዋጠች የሚቀጥለውን ምዕራፍ እንደማነብላት ነገርኳት። ዋጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሕግ አለው፤ አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ኪኒን። ሁለት ዓመት ተኩል፣ አርባ ሦስት መጻሕፍት! «ገዳዩን ሳላውቅማ አልሞትም» ትላለች። እኔም ተንኮሌን አውቃለሁ፤ የአንዱን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍና የሚቀጥለውን የመጀመሪያ ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ አነባቸዋለሁ፤ በሁለት መጻሕፍት መካከል ክፍተት ካገኘች አባቴ ትዝ ይላታልና።

እንግዲህ የድሮው መደርደሪያ አለቀብን፤ የቀሩት እርስዎ የገመገሟቸው አዳዲሶቹ ብቻ ሆኑ። አንድ ቅዳሜ እናቴን ደግፌ አመጣኋት። መጽሐፍ የምትመርጠው በእጇ መዝና ነው፤ ከግማሽ ኪሎ በታች የሆነውን «ይሄ አንድ ሰው እንኳ አይገድልም» ብላ ትመልሰዋለች። ያን ቀን በአርባ ሰዓቶች መካከል ሞቶ ስለተገኘ አንድ ሰዓት ጠጋኝ የሚተርክ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አነሳችና ፊቷ በራ። ሠራተኛዋም ሽፋኑን ገልጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ለእናቴና ከኋላችን ለተሰለፉት ዐሥራ አንድ ሰዎች አነበበች። «ገዳዩ አትክልተኛው ነው። ቋንቋው ደህና ነው።»

ኧረ ጉድ! ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ክቡር ሆይ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ምን ይደረጋል? እናቴ የጣት አሻራዋን አኑራ ሥርዓቱን ከፈጸመች በኋላ «በቃ፣ ወደ ቤት ውሰደኝ» አለች። መጽሐፉን ይዤው ሄድኩ እንጂ እሷስ ዘወር ብላም አላየችው።

ዘጠኝ ቀን ኪኒን አልዋጠችም። እግሯ አበጠ። «የታወቀ ነገር ምን ይነበባል? የታወቀ ዕድሜስ ምን ይኖራል?» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ለእርስዎ የተመኘሁትን ነገር እዚህ አልጽፈውም፤ በሩ ላይ ልጆችም ያልፋሉ።

በዐሥረኛው ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ቤት መጥቼ፣ የምይዘው የምጨብጠው ቢጠፋኝ፣ የክፍሏ በር ደፍ ላይ ተቀመጥኩና መጽሐፉን አነሳሁ። ልገልጠው ብል እምቢ አለኝ። ገጾቹ ከማተሚያ ቤት እንደ ታጠፉ ናቸው፤ ጠርዛቸው አልተቆረጠም፤ የሰው እጅ አልነካቸውም። ከሽፋኑ በስተቀር የተከፈተ ነገር የለም! ክዳን ማንሳት ሥራዬ ነውና የወጥ ቤት ቢላዋ አምጥቼ ገጽ ገጹን እየቀደድኩ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛው ምዕራፍ አለቀ፤ አትክልተኛ የለም። ሁለተኛው አለቀ፤ የለም። ሟቹ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነው፤ ግቢ የለው፣ ዛፍ የለው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከዕፅዋት ወገን የተጠቀሰው አንድ የጠወለገ ጎመን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከውስጥ «አትክልተኛው አልመጣም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገና ነው አልኳት። «በል ያቺን ኪኒን አምጣ፤ እሱ ሳይመጣ ብሞት ያመልጠኛል» አለች።

ሃያ ሁለት ቀን ጠበቅነው። በየምዕራፉ በር ሲንኳኳ «መጣ!» ትላለች፤ ፖሊስ ይሆናል፣ ወተት አመላላሽ ይሆናል፣ የሟቹ አክስት ትሆናለች። እውነተኛው ገዳይ ማን እንደሆነ እኔ አልናገርም፤ ሥልጣኑ የእርስዎ ነው። አትክልተኛው ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ዝር አላለም። መጽሐፉን ስዘጋው እናቴ ትራሷን አቅፋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም። እኔ ሙሉ ሰውዬ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። አሁን እናቴ በየቅዳሜው ሠራተኛዋን ካርዱን ሁለት ጊዜ ታስነብባታለች፤ መጽሐፉን የምንዋሰው እርስዎን ሲሳሳቱ ለመያዝ ነው። አንዱን የባሕር ጉዞ ታሪክ «በረሃው በደንብ ተገልጿል» ያሉበትን ካርድማ ለጎረቤት ሁሉ አውርታዋለች። ከደራሲዎቹ ሁሉ አብልጣ የምትወደው እርስዎን ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ እባክዎን እንደ ጀመሩት መጽሐፍ የሚባል ነገር አያንብቡ። ሁለተኛው ደግሞ ከልቤ የምለው ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ድንጋይ የሚወረውርም አንድ ቀን ወፍ ይመታል። እርስዎም አንድ ቀን ሳያስቡት እውነተኛውን ገዳይ ይጠሩ ይሆናል፤ ያን ቀን በእኔ ቤት የሚሆነውን አይቼዋለሁ፤ ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። ካርዱን ከፊት ሽፋን አንስተው ከኋላ ሽፋን ይለጥፉት፤ ፊርማውም መጽሐፉ ሲመለስ ይሁን። ሥልጣንዎ አይቀነስም፤ በሦስት መቶ ገጽ ብቻ ይዘገያል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው የዚያ አትክልተኛ ነገር እናቴን አላስተኛ አላት። «በሌለበት ስሙ የጠፋ ሰው! ማን ይሟገትለታል?» ብላ የራሷን ልብ ወለድ እየነገረችኝ እጽፍላት ጀምሬያለሁ። ታሪኩ የአንድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በሮዝ ካርዶች ተሸፍኖ ሞቶ ስለ መገኘቱ ነው። ተጠርጣሪዎቹ አባላቱ በሙሉ ናቸው፤ ነገሩን የሚመረምረው ደግሞ አትክልተኛው ነው። እርስዎን እንዳያስቡ፤ የእሷ ሟች መነጽር አለው።

ዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። እኔም ገዳዩን ለማወቅ ጓጉቼ ከሥራ እየሮጥኩ እገባለሁ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት እናቴ በዳበሳ የእኔን መሳቢያ ስትፈትሽ፣ ሐኪም ለደም ግፊቴ ያዘዘልኝንና ስምንት ወር ሙሉ ያልነካሁትን ኪኒን እሽጉ ሳይፈታ አገኘችው። አልተቆጣችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እኔ አንዲቷን ሳልውጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አትነግረኝም።

ውድ ጊዜዎን ከማያነቡት መጽሐፍ ወስጄ ይህን እንዲያነቡልኝ በመድፈሬ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ወንበርዎ ይደላደል፣ ብዕርዎ አይድረቅ፣ ቢላዋም ከገጾችዎ ይራቅ እላለሁ።

የዘወትር አክባሪዎና ባልደረባዎ፣
ክዳን አንሺው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የእናቴ መጽሐፍ ገና አላለቀም፤ ይህ ግን ለእርስዎ እንቅፋት እንደማይሆን አውቀን የግምገማ ካርዱን ከወዲሁ እንዲጽፉልን በትሕትና እንጠይቃለን። እናቴም ገዳዩ ማን እንደሚሆን እስካሁን ስላልወሰነች እርስዎ የጠሩትን ሰው ነፃ ለማውጣት ያመቻታል። ካርዱን ለእሷ ብቻ በጆሮዋ ያንብቡላት፤ እኔ እንዳልሰማ። ገና ብዙ ኪኒን ይቀረኛል።